ግጥም ሲነበብ አዳራሹ ውስጥ ማን አለ?

በአገራችን ግጥምን በሰው ፊት ማውረድ ከፈረንጅ የተቀዳ አዲስ ነገር አይደለም። እናቶቻችን ፊደል ሳይቆጥሩ ይገጥሙ ነበር። ለቅሶ ቤት ሙሾ የምታወጣዋ ሴት የሟቹን ታሪክ፣ የቤተሰቡን ሐዘን፣ አንዳንዴም ሟቹ በሕይወት ሳለ ማን እንደ በደለው ጭምር በሁለት ስንኝ ጠቅልላ ስትናገር ዝም በይ የሚላት አልነበረም። ወፍጮ ላይ የሚሰማው እንጉርጉሮ ባልን ይወቅሳል፣ አማትንም ይነካል፤ ባልየውም በጓዳው በር እየሰማ እንዳልሰማ ሆኖ ያልፋል። በሠርግ ቤት የሙሽራው አጃቢዎችና የሙሽሪት ወገኖች በዘፈን ይጎነታተላሉ፤ ያ ሁሉ ከተባለ በኋላ አንድ ማዕድ ቀርበው ይበላሉ።

ይህ ሁሉ ነፃነት የራሱ አጥር እንደ ነበረው አይዘነጋም። ሙሾዋን የምታወጣው ሴት ድንኳኑ ውስጥ ማን እንደ ተቀመጠ አሳምራ ታውቃለች። የሟች ልጆች በየትኛው ወገን እንዳሉ፣ የተጣላው ወንድም መጥቶ እንደ ሆነ አይታ ነው አፏን የምትከፍተው። ታዲያ በከተማችን አዳራሾች ግጥም የሚያነብ ሰው የሚሰሙትን አያውቃቸውም። መብራቱ ዓይኑን ይወጋዋል፤ ከፊቱ የሚያየው ጨለማ ነው። ለብዙ ጊዜ ሳስበው የኖርኩት ጉዳይ ይኸው ነው።

እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የምሠራ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ላለፉት ስድስት ዓመታት በሰፈራችን በሚገኝ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ በወር አንድ ጊዜ የግጥም ዝግጅት ከሚያሰናዱት ሰባት ሰዎች አንዷ ሆኜ ቆይቻለሁ። መግቢያ አናስከፍልም፤ የሻይና የዳቦውን ከየኪሳችን እናዋጣለን። በአዲስ አበባ የግጥም መድረክ ብርቅ አይደለም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በራስ ሆቴል በየወሩ ይቀርብ የነበረው ግጥም በጃዝ ስንቱን ወጣት እንደ ሰበሰበ የሚያስታውስ ያስታውሳል። ከዚያ ወዲህ በየሆቴሉና በየባህል ማዕከሉ ብዙ ተከፍቷል። የእኛው ግን ትንሽ ነው፤ የሚመጣውም የሰፈር ሰው ነው።

ዝግጅታችን መጀመሪያ የሚካሄደው ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ነበር። በዚያ ሰዓት የምታገኙት ሰው ማን እንደ ሆነ እናቶች ሳልነግራችሁ ታውቁታላችሁ፦ ወጣት ወንዶች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ እራት ተሠርቶ የሚጠብቃቸው አባወራዎች። እኛ ሴቶቹ በዚያ ሰዓት ሚኒባስ ተሰልፈን እንጠብቃለን፤ ወይም ሽንኩርት እያቁላላን የልጅ የቤት ሥራ እናያለን። ስለ ሴት ጡት፣ ስለ እናት ማኅፀን፣ ስለ ሚስት እንባ የሚነበበው ግጥም ብዛቱ ለጉድ ነበር። የተጻፈላቸው ሴቶች ግን አዳራሹ ውስጥ አልነበሩም። በመጨረሻ ሰዓቱን ወደ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት አዛወርነው።

ሴቶቹ መጡ። ከፋብሪካ ፈረቃ የወጡ፣ ከገበያ ዘንቢላቸውን እንዳንጠለጠሉ የገቡ፣ ጡረታ የወጡ መምህራን፣ ነርሶች መጡ። ልጆቻቸውም አብረው መጡ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ልጅ የት ይጣላል? በዚህም ሳቢያ አንዱን በር ስንከፍት ሌላው መዘጋት ጀመረ።

ገጣሚዎቹ አጉረመረሙ። አንዱ ወጣት፣ «ግጥሙን ወደ መዋዕለ ሕፃናት አወረዳችሁት» አለን። እኔ በበኩሌ መጀመሪያ ቅሬታውን ብዙም ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም፤ የሚጮኽ ልጅ ያልለመደ ሰው ንግግር ነው ብዬ ነበር። ነገሩን ከሥሩ እንዳየው ያደረገችኝ ግን በስፌት ፋብሪካ የምትሠራ አንዲት እህት ናት። ከአንድ ዓመት በላይ ጸጥ ብላ ስትሰማ ቆይታ አንድ ቀን ቦርሳዋን ከፍታ አራት እጥፍ የታጠፈ ወረቀት አሳየችኝ። በአሥራ ሁለት ዓመቷ በገዛ ቤቷ ውስጥ የእናቷ ባል ስላደረሰባት ነገር የጻፈችው ነው። በእርሳስ ነው የተጻፈው፤ አንዳንዱ ቃል ተሰርዞ እንደ ገና ተጽፏል። «እትዬ፣ እንዳነበው እፈልጋለሁ። ግን እነዚህ ሕፃናት ፊት እንዴት ብዬ?» አለችኝ።

እንግዲህ ፍረዱ። ሕፃናቱን ብናስወጣ እናቶቹ ይቀራሉ፤ እናቶቹ ደግሞ ይህን ግጥም ከማንም በላይ ሊሰሙት የሚገባቸው ሰዎች ናቸው። ሕፃናቱን ብናስቀምጥ ያቺ እህት ወረቀቷን አጥፋ ወደ ቦርሳዋ ትመልሰዋለች። ሁለቱም መገለል ነው።

ሦስት ሳምንት ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ዝግጅቱን ለሁለት ከፈልነው። የመጀመሪያው ሰዓት ለሁሉም ነው፤ ልጆችም ያነባሉ፣ ተረትና እንቆቅልሽ አለ። ከሻይ በኋላ ያለው ሰዓት ለትልልቆች ነው፤ ልጆቹ በቤተ መጻሕፍቱ የሕፃናት ክፍል ሥዕል እየሳሉና ተረት እየሰሙ ይቆያሉ። ለሁለት ወር ተረት የሚነግሩት እኛ ሦስቱ ሴቶች ብቻ ነበርን፤ አራቱ ወንዶች በትልልቆቹ ሰዓት ከፊተኛው ወንበር አይነቃነቁም። ለእናቶች ተብሎ በተለወጠ ፕሮግራም እናቶች ግጥም የማይሰሙ ከሆነ ምኑን ተለወጠ? ተራ ወጣ፤ ስም ዝርዝር በር ላይ ተለጠፈ። አሁን ከኮሚቴያችን አንዱ የሒሳብ ሠራተኛ ስለ ጦጣና ዝንጀሮ ሲያወራ ልጆቹ ከሁላችንም ይልቅ እሱን ይመርጣሉ።

ያቺ እህት አነበበች። ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ የነበረውን ዝምታ ልገልጸው አልሞክርም። ሳነሣ የምፈልገው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። አንዲት እናት ቀርባ ተቆጣችኝ። እኔ ልጆቹን ስላሰማን ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ፣ የእርሷ ቁጣ ሌላ ሆኖ ተገኘ። «የአሥራ ሦስት ዓመት ልጄን ተረት ወደሚነገርበት ክፍል ላካችኋት። ይህን ነገር ከዚህች ሴት ካልሰማች ከማን ትሰማው? እኔ እንደሆን አፌን ሞልቼ መንገር አቅቶኛል» አለች። እውነቷን ነው። ስለዚህ ዕድሜን የሚወስነው በሩ ላይ የምትቆመው ሴት መሆኗ ቀርቶ እናትየው ሆነች። መድረክ መሪው ከሻይ በኋላ የሚቀርበውን በጥቅሉ ይናገራል፦ ስለ ጦርነት አለ፣ ስለ መደፈር አለ፣ ስለ ፍቅር አለ ይላል። እናት ልጇን አይታ ትወስናለች። መውጣት የፈለገም በጎን በር ሹልክ ይላል፤ ለምን ወጣህ ተብሎ አይጠየቅም። ይህ ገጣሚውን አንዲት ቃል አላስቀነሰውም።

የሁለተኛው ጉዳይ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚፈታ አልሆነም፤ እስከ ዛሬም አልተፈታም።

ከገጣሚዎቻችን መካከል አንድ ጎበዝ ልጅ አለ። ቃል ይታዘዝለታል፤ ሰው ማሳቅም ያውቅበታል። ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ከገጠር ስለ መጣች የቤት ሠራተኛ የገጠመውን አነበበ። ልጅቷ ማቀዝቀዣውን ቁም ሣጥን መስሏት ልብሷን ስታስቀምጥበት፣ እመቤቲቱ ስትጮህ፣ ሠራተኛዋ በአገሯ አነጋገር ስትመልስ ነው ታሪኩ። አነጋገሯን እያስመሰለ፣ ትከሻውን እያጠፈ ሲያነበው አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ ወንበር፣ የአሠሪዋን ሁለት ልጆች ይዛ የመጣች አንዲት ልጅ ነበረች። ማታ ማታ ስምንተኛ ክፍል ትማራለች፤ ለእኛ ዝግጅት ስትል የቅዳሜ እረፍቷን ከልጆቹ ጋር ታሳልፋለች። አሠሪዋ ሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ተቀምጣ እየሳቀች ነበር። ልጅቷ ተነሥታ ወጣች። ግቢው ውስጥ ቧንቧው አጠገብ ፊቷን ስትታጠብ አገኘኋት። «ሞቆኝ ነው እትዬ» አለችኝ።

በማግስቱ ተሰበሰብን። ከኮሚቴው በዕድሜ የምታንሰው ነርሷ እህታችን ሐሳብ አቀረበች፦ ከእንግዲህ የሚነበብ ግጥም ሁሉ ከሁለት ቀን በፊት ለሦስት ሰዎች ይቅረብ፤ ሰውን የሚያዋርድ ከሆነ አይነበብ። ሐሳቡ ከደግ ልብ የመጣ ነው። ነርሷ በየቀኑ የተሰበረ ሰው ታያለች፤ ሰው ሊዝናና በመጣበት ቦታ ቆስሎ ሲሄድ ማየት አንገፍግፏታል።

የኮሚቴያችን አንጋፋ፣ ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው። ይህን ሲሰሙ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። እርሳቸው በወጣትነታቸው ግጥም ለማሳተም ጽሑፉን ለሳንሱር አስገብተው ወራት የጠበቁ ሰው ናቸው። ቅድመ ምርመራ በአገራችን በሕግ የቀረው በ1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ አዋጅ ነው። «ሦስት ሰዎች ማለትሽ ነው የኔ ልጅ? እኔንም ያነቡኝ የነበሩት ጥቂት ሰዎች ነበሩ። ክፉዎችም አልነበሩም» አሏት።

ከዚያም ወደ 1950ዎቹ መለሱን። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች በየዓመቱ በሚያከብሩት የኮሌጅ ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ተቀምጠው ግጥም ይነበብ ነበር። በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የተባለውን ሲያነብ የተራበውን ሰው በጠገበው ፊት አቆመው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ኢብሳ ጉተማ «ኢትዮጵያዊው ማነው?» ብሎ በግጥም ጠየቀ፤ ገሞራው በሚል ስም የሚታወቀው ኃይሉ ገብረ ዮሐንስ «በረከተ መርገም»ን አሰማ። ከእነዚያ ዓመታት ገጣሚዎች ከትምህርት የታገዱ ነበሩ። ገሞራው ዕድሜውን በስደት ጨርሶ በ2007 ዓ.ም. ስዊድን ውስጥ አረፈ። «እነዚህን ግጥሞች አስቀድሞ የሚያነብ ጨዋ ኮሚቴ ቢኖር የትኛው ያልፍ ነበር?» አሉ መምህሩ።

ነገሩ ትክክል ነው። እኔ ግን ከመምህሩ ንግግር የጎደለ ነገር ታይቶኛል። እነዚያ ግጥሞች የሚነኩት ከፊት ወንበር የተቀመጠውን ነበር፤ የእኛ ልጅ ግጥም የነካው ከኋላ ወንበር የተቀመጠችውን ነው። ዙፋን ላይ ያለን መንካትና ልብስ አጣቢን መንካት በአንድ ስም፣ ነፃነት ተብለው ሲጠሩ አይዋጥልኝም። (በነገራችን ላይ ከዚያ የኮሌጅ መድረክ ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሣው ወንዶቹ ናቸው። ስንዱ ገብሩ ግን ከዚያ ሁሉ አስቀድማ በ1942 ዓ.ም. «የልቤ መጽሐፍ»ን አሳትማ ነበር።)

ታዲያ ለምን ከነርሷ ጋር አልሆንኩም? የወረቀት ምርመራው የሚይዘውና የሚለቀው ምን እንደ ሆነ ስለ ገመትኩ ነው። ያንን የሠራተኛ ግጥም ወረቀቱን ተቀብዬ ብቻዬን አንብቤዋለሁ። አንድም ስድብ የለበትም። እንዲያውም በመጨረሻው ስንኝ ላይ እመቤቲቱ ናት የምትዋረደው። ያሳመመው የአነጋገሩ ማስመሰል፣ የትከሻው መታጠፍ፣ የሳቁ ብዛት፣ አሠሪና ሠራተኛ በአንድ አዳራሽ መቀመጣቸው ነው። ይህ ደግሞ በወረቀት ላይ አይታይም፤ ሦስቱ መርማሪዎች ፈርመው ያሳልፉት ነበር። የስፌት ሠራተኛዋ ግጥምስ? ስለ መደፈር፣ ስለ እናት ባል፣ በእርሳስ ተጽፎ፣ ቃሉም ሳይለዝብ። ከሦስቱ አንዱ «ለቤተሰብ ዝግጅት አይመጥንም» ማለቱ አይቀርም። ወንፊቱ ማለፍ ያለበትን ያስቀራል፤ ሊያስቀር የተሠራለትን ደግሞ ያሳልፋል።

አንዳንዶች ሕግ ይጥቀሱልናል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 በሥነ ጥበብ መልክ ሐሳብን መግለጽን መብት አድርጎ፣ ሰብአዊ ክብርን ለመንካት ታስቦ በአደባባይ የሚሰነዘርን ንግግር ግን ይከለክላል። የጥላቻ ንግግርን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ተመሥርቶ ጥላቻን የሚያነሣሣውን ይቀጣል፤ የኪነ ጥበብ ሥራን ግን ለይቶ የሚያይ አንቀጽ አለው። መልካም፤ ይህ ዳኛ ፊት የሚያደርስ ነገር ሲመጣ ይጠቅማል። ቧንቧ አጠገብ ፊቷን ለምትታጠብ ልጅ ግን አዋጅ አይደርስላትም። የቤት ሠራተኛ መሆንም በዝርዝሩ ውስጥ የለም።

መምህሩ የሚወዱት መፍትሔ መልስ ነው። ቅኔ ቤት ተማሪ ቅኔውን ሲያወርድ መምህሩና ጓደኞቹ ይሞግቱታል፤ አዝማሪ ቤት የተሰደበ ሰው ስንኝ ወርውሮ መልሶ ይሳደባል፤ በሠርግ የሙሽሪት ወገን ዝም ብሎ አይቀርም። ስለዚህ የተነካ ሰው እዚያው ወይም በሚቀጥለው ወር በግጥም ይመልስ፣ ቦታውም የተጠበቀ ይሁን አሉ። ተስማማን፤ እስከ ዛሬም ይሠራል። አንድ ጊዜ አንድ ወጣት አማቶችን ሙልጭ አድርጎ ሲያነብ አንዲት የስልሳ ዓመት እናት ተነሥተው በቃላቸው በመለሱለት መልስ ሰውየው እየሳቀ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። ያን ቀን አዳራሹ የሠርግ ቤት መሰለ።

ለዚያች ልጅ ግን «መልስ ስጪ» ማለት ምን ማለት ነው? የወር ደመወዟን የምትሰጣት ሴት ሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። መድረክ ወጥታ ብትናገር ሰኞ ጠዋት ያው ቤት ነው የምትውለው። መልስ እኩያሞች መካከል ነው የሚያምረው። ስለዚህ መልሱ የመድረክ መሪው ሥራ ጭምር ነው ብዬ ተከራከርኩ፦ ገጣሚውን አይቆጣ፣ ግጥሙን አያቋርጥ፤ ነገር ግን ሳቁ ሲበርድ አዳራሹ ውስጥ ማን እንዳለ የሚያስታውስ አንድ ቃል ለመናገር ወኔ ይኑረው። መምህሩ ይህንንም አልወደዱትም። «ከስንኝ በኋላ ስብከት» አሉት። ምናልባት ልክ ናቸው። የሚሰብክ መድረክ መሪ እኔንም ያሰለቸኛል።

ወጣቱን ገጣሚ ለብቻው አነጋገርኩት። ልጅቷን አልጠቀስኩለትም፤ ሚስጥሯን የማውጣት መብት አልነበረኝም። የአነጋገር ማስመሰሉን ብቻ አነሣሁበት። «እትዬ፣ እናቴ እራሷ ከገጠር መጥታ ሰው ቤት የሠራች ናት። ታሪኩ የእርሷ ነው፤ እየሳቀች ነው የነገረችኝ» አለኝ። ምን ይመለሳል? እናቱ በራሷ ላይ የመሳቅ መብት አላት፤ እሱም የእናቱን ሳቅ ይዞ ነው የመጣው። አዳራሹ ግን የሳቀው ከእናቱ ጋር አልነበረም። ይህንን ስነግረው ጥቂት ዝም አለና፣ «ታዲያ የሚስቀውን ሰው እኔ ልምረጥ?» አለ። ከዚያ በኋላ ለሦስት ወር አልመጣም። ሌላ መድረክ ላይ፣ ምሽት ላይ፣ ያንኑ ግጥም ሲያነብ የሰሙ አሉ። እሱን ተከትለው የቀሩ ወጣቶችም ስላሉ የኋላዎቹ ወንበሮች ሳስተዋል። ይህን የምጽፈው ልክ ነበርን ለማለት አይደለም፤ የከፈልነው ዋጋ እንዲታወቅ ነው።

በዚህ መካከል ሌሎች ቀለል ያሉ ነገሮች ተስተካክለዋል። በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ የሚያነቡ ሰዎች ግጥማቸውን ራሳቸው በመረጡት ቋንቋ ያቀርባሉ፤ የሐሳቡ ማጠቃለያ በአማርኛ በግማሽ ገጽ ይታደላል። «አስቀድሞ ተተርጉሞ ይታይ» ያለ ሰው ነበር፤ የአማርኛውን ሳናይ የሌላውን ለምን እናያለን ተባለና ተዘጋ። በመድረኩ ሦስት ደረጃዎች ምክንያት በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጣ ገጣሚ ከታች ሆኖ ያነብ ነበር፤ አሁን ሁሉም ከታች ሆኖ ያነባል። መብራቱንም ቀነስነው። ይህ በመጀመሪያ ለኤሌክትሪክ ቁጠባ ብለን ያደረግነው ነው፤ ነገር ግን አንባቢው የሰሚዎቹን ፊት ማየት ከጀመረ ወዲህ የአነባበቡ ነገር እንደ ተለወጠ ብዙዎች ነግረውናል።

የነርሷ ሐሳብ ግን አልሞተም። ስብሰባ በመጣ ቁጥር ታነሣዋለች፤ ባለፈው ሦስት ለሦስት ወጣ፤ አንዱ ድምፅ ተአቅቦ አደረገ። ተአቅቦ ያደረገው ተረት ነጋሪው የሒሳብ ሠራተኛችን ነው። ለምን ብለው፣ ከሕፃናቱ ክፍል ሆኖ ያችን ልጅ በየወሩ እንደሚያያት ነገረኝ። ከሁለት ወር በኋላ ተመልሳ መጥታ ነበር፤ ልጆቹን ይዛ። የመጀመሪያውን ሰዓት ትሰማለች። ከሻይ በኋላ ወደ አዳራሹ አትመለስም፤ ከልጆቹ ጋር እዚያው ትቀመጥና ተረቱን ትሰማለች፤ አንዳንድ ጊዜም እሷው ትነግራቸዋለች። በአገሯ አነጋገር ነው የምትነግራቸው፤ ልጆቹም አፋቸውን ከፍተው ያዳምጧታል። «ነርሷን ብደግፍ ይህች ልጅ ወደ አዳራሹ ትገባ ይሆን? አላውቅም። መምህሩን ብደግፍስ? እሱንም አላውቅም» አለኝ።

ድምፁ እንደ ገና የሚሰጠው በሚመጣው ቅዳሜ ከዝግጅቱ በፊት፣ በ7 ሰዓት ነው። ስለዚህ የሕፃናቱን ክፍል በዚያ ሰዓት የሚከፍት ሰው መፈለግ አለብኝ፤ ተራው የነርሷ ነበር፣ እሷ ደግሞ ስብሰባውን አትተውም።